የክፍሉን ስም ሳይሆን የክፍሉን ሥራ ጠይቁ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ማግስት የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ልጄ ሲስተም ኢንጂነሪንግ መማር ይፈልጋል፤ የትኛው ኮሌጅ ይሻለዋል?» ጥያቄው ከላይ የተጀመረ ይመስለኛል። መቅደም ያለበት ሙያው ምን እንደሚፈልግ ማወቅ ነው።

ሲስተም ኢንጂነር አንድ ዕቃ ብቻ ሠርቶ አያስረክብም። ማሽኑ፣ ሶፍትዌሩ፣ ሠራተኛውና ደንቡ ተስማምተው ለዓመታት እንዲሠሩ አስቦ ያቅዳል። የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ተመልከቱ። በ34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድና በ41 ባቡሮች በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ ጀመረ። ሐዲዱ ተዘረጋ፣ ባቡሩም ተገዛ፤ ከዓመታት በኋላ ግን ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። መለዋወጫው ከየት ይመጣል? በምን ምንዛሪ ይገዛል? ማን ይጠግናል? እነዚህ ከሐዲዱ እኩል የምህንድስና ጥያቄዎች ናቸው።

ስለዚህ በክፍሉ በር ላይ የተጻፈው ስም ብዙ አያሳስባችሁ። በኢንዱስትሪያል፣ በኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ወይም በሶፍትዌር ምህንድስና በኩልም ወደዚህ ሙያ ይገባል። ሒሳቡ፣ ስታትስቲክሱና ፕሮግራሚንጉ ጠንካራ ከሆነ ልጁ ቀሪውን ይደርስበታል። መሠረቱ ከላላ ግን ያማረ ስም አያድነውም።

የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት የተሰጠው በ2015 ዓ.ም. ነበር። ከ150 ሺህ ገደማ ተፈታኞች ያለፉት 40 በመቶ ያህሉ ናቸው። ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከዚህ ተነስቶ «የግል ኮሌጅ ሁሉ አይረባም» ማለት ስህተት ነው፤ ተቀባይነት ያገኙት ተማሪዎች ከመነሻውም እኩል አልነበሩም። አማካይ ቁጥር ጎበዙንም ሰነፉንም ክፍል አንድ ላይ ይሸፍናል። እናንተ የምትፈልጉት የዚያን አንድ ክፍል ቁጥር ነው።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

አንደኛ፣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሰጠው ለዚህ ፕሮግራም፣ በዚህ ካምፓስ ነው ወይ? ኮሌጁ በሌላ ካምፓስ ፈቃድ ስላለው እዚህም አለው ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከዚህ ክፍል ስንት ተማሪ ለመውጫ ፈተና ተቀምጦ ስንቱ አለፈ?

ሦስተኛ፣ ቤተ ሙከራው ክፍት የሚሆነው ስንት ሰዓት ነው? የሚያሳይዋችሁን ሳይሆን ተማሪውን ጠይቁ። አዲስ መሣሪያ ከነካርቶኑ ተቆልፎበት ከሆነ ለጎብኚ እንጂ ለተማሪ አልተገዛም።

አራተኛ፣ ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ የት ይላካሉ? የመመረቂያ ሥራቸውንስ ማሳየት ይችላሉ? ወረቀት ብቻ ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው።

መልስ የማይሰጥ ኮሌጅ መልስ ሰጥቷል፤ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ግን ይህን ሁሉ ለምን ወላጅ ብቻውን ይመርምር? ክፍያው እኮ ከከብት ሽያጭ፣ ከዕቁብ፣ ዓረብ አገር ካለች እኅት ደመወዝ የሚመጣ ነው። ለአምስት ዓመት የሚከፈል ገንዘብ በጨለማ መከፈል የለበትም። ባለሥልጣኑ እያንዳንዱ ተቋም የየክፍሉን የመውጫ ፈተና ውጤትና የፈቃዱን ዘመን በበሩና በድረ ገጹ እንዲለጥፍ ማስገደድ አለበት። ጥሩ የሚያስተምር ከዚህ የሚያተርፍ እንጂ የሚከስር አይደለም። የሚከስረው የሚደብቅ ነው፤ እሱም ቢከስር ይሻላል።