ያለ ወረቀት የምናሳድገው ልጅና ሕጉ

የቲሙን አጎቱ ይወስደዋል፤ ከገጠር የመጣችው የእህት ልጅ አክስቷ ቤት ሆና ትማራለች። በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ አጅሩም ትልቅ ነው። ልጁ ተጎድቶ ሲገኝ ግን «እኔ አባቱ አይደለሁም» የሚል መልስ ይሰማል።

ሕጉ ይህን መልስ አይቀበልም። የወንጀል ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) አንቀጽ 576 የዘመድ ዝርዝር አላወጣም። የሚጠይቀው ልጁ በማን ኃላፊነት ሥር እንዳለ ነው፤ ያ ሰው ልጁን ቢያንገላታ፣ ችላ ቢል፣ ከአቅሙ በላይ ቢያሠራ ወይም ቢደበድብ ይቀጣል። ጉዲፈቻ መፈጸም የግድ አይደለም። የቲምን ዘሩን ሳንቀይር፣ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ወረቀት ለምናሳድግ ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቅጣቱ ላይ ግን ቅር ይለናል። መነሻው ከሦስት ወር የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው። ጉዳቱ ከባድ ሲሆን እስራቱ ከአንድ ዓመት አያንስም፤ አጥፊውም ከቤተሰብ መብቱ ይሻራል። መጀመሪያውኑ በወረቀት መብት የሌለው አጎት ከምኑ ይሻራል?

ይኸው አንቀጽ ወላጅ ወይም ተመሳሳይ ኃላፊነት ያለበት ሰው ልጁን ለማረም የሚወስደውን ከሕግ ያልወጣ እርምጃ አይቀጣም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 የአካል ቅጣትን በግልጽ የከለከለው በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ነው፤ ቤትን አልጠቀሰም። መድረሳስ? በእኛ ንባብ መድረሳ ትምህርት ቤት ነው፤ የኡስታዙ አለንጋ ይውረድ።

«ሐዳናው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ተወስኗል» ብሎ ድብደባውን በሽማግሌ መሸፈንም አያዋጣም። ለፍርድ ቤቶቹ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተሰጠው ሥልጣን የወንጀል ጉዳይን አይጨምርም።