ከሁሩታ እስከ ሐዋሳ፦ የበረራው ደቂቃና የመንገደኛው ሰዓት

የመንግሥት ሥራ ጉዞ ሲታቀድ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ በየብስ ይሻላል ወይስ በአየር የሚል ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ በትኬት ላይ ከሚታየው የበረራ ሰዓት ይወሰዳል። ይህ መለኪያ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ቢሠራም በአነስተኛ ከተሞች ለሚሠራው ሠራተኛ ግን አሳሳች ሊሆን ይችላል።

ለአብነት በአርሲ ዞን የሎዴ ሔጦሳ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ሁሩታን መመልከት ይቻላል። ከሁሩታ በ2012 ዓ.ም. በክልልነት እስከተደራጀው የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ እስከ ሐዋሳ ያለው ርቀት በቀጥተኛ የአየር መስመር ሲለካ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ሁሩታም ሆነች አጎራባቿ አዳማ መደበኛ የመንገደኞች በረራ የላቸውም። በመሆኑም በአውሮፕላን መሄድ የፈለገ ሠራተኛ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ተጉዞ ቦሌ መድረስ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ መመለስ ይኖርበታል።

ከቦሌ ሐዋሳ ያለው በረራ 40 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ከሁሩታ ቦሌ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ለፍተሻና ለመሳፈሪያ ሁለት ሰዓት፣ ካረፉ በኋላ ከተማ ለመግባት 40 ደቂቃ ቢመደብ ጠቅላላው ጉዞ ወደ ስድስት ሰዓት ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ በአየር ላይ የሚያልፈው አንድ ዘጠነኛው ብቻ ነው።

በአንፃሩ በአዳማና በሞጆ በኩል በመኪና የሚደረገው ጉዞ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በሰዓት በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር ቢታሰብ ከአምስት ሰዓት በታች ይጠናቀቃል። ከሞጆ ሐዋሳ የሚዘልቀው የፍጥነት መንገድ እስከ ባቱ ያለው ክፍል አገልግሎት ላይ መዋሉም ይህን ጉዞ አቃሎታል።

ይህ ማለት ግን የአየር ትራንስፖርት ለአካባቢው አይጠቅምም ማለት አይደለም። ከአዳማ በየብስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቀው የሶማሌ ክልል ርዕሰ ከተማ ጅግጅጋ ለሚሄድ ሠራተኛ ቦሌ ድረስ ወደ ኋላ መመለሱ አያከስረውም። ልዩነቱን የሚፈጥረው የርቀቱ መጠንና የአውሮፕላን ማረፊያው አቀማመጥ ነው።

ከዚህ አንፃር ግንባታው በጥር 2018 ዓ.ም. በይፋ የተጀመረው የቢሾፍቱ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ለአዳማና ለአርሲ ከተሞች የተለየ ትርጉም አለው። ማረፊያው ሙሉ በሙሉ ሲጠናቀቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኞችን እንዲያስተናግድ ታቅዷል። ወደ ክልሎች የሚደረጉ በረራዎችም ከዚያ የሚነሡ ከሆነ ከአዳማ መስመር የሚመጣ መንገደኛ የአዲስ አበባን መጨናነቅ ሳይነካ ይሳፈራል። ከቦሌ ብቻ የሚነሡ ከሆነ ግን አዲሱ ማረፊያ ለሁሩታው ሠራተኛ በመንገዱ ዳር አልፎት የሚሄደው ተቋም ሆኖ ይቀራል።

ስለሆነም የጉዞ በጀትና የውሎ አበል የሚያጸድቁ ኃላፊዎች የበረራውን ደቂቃ ብቻ ሳይሆን ከቢሮ እስከ ስብሰባ አዳራሽ ያለውን ጠቅላላ ሰዓት ማስላት ይጠበቅባቸዋል። በመንገድ ላይ የሚባክን እያንዳንዱ ሰዓት ባለጉዳዩ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ቆሞ የሚጠብቅበት ሰዓት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።