ከቪየና እስከ አትላንታ፦ የሩጫ ደንብ ማንን ይቀጣል?

ኮሌጅ ፓርክ፣ አትላንታ — እ.አ.አ. በ2018 ኬፕታውን ላይ አንድ የአውስትራሊያ ክሪኬት ተጫዋች ኳሱን በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትግ በካሜራ ተያዘ። አምበሉ ስቲቭ ስሚዝና ምክትሉ ዴቪድ ዋርነር ለ12 ወራት ታገዱ። ድርጊቱ የታቀደ ስለነበር ጥፋተኛውን መለየት አላስቸገረም።

ኢትዮጵያውያን ሯጮችን የገጠማቸው ግን ከዚህ ይወሳሰባል። ደራራ ሁሪሳ በ2021 የቪየና ማራቶንን በአንደኝነት ቢጨርስም፣ የጫማው ሶል ከሚፈቀደው 4 ሴንቲ ሜትር በ1 በልጦ በመገኘቱ ውጤቱ ተሰረዘ። አዘጋጆቹ እንዳሉት በቅጹ ላይ ያስመዘገበው ሌላ ጫማ ነበር። ደንቡ የሯጩን ሐሳብ አልመረመረም፤ የሶሉን ውፍረት ለካ እንጂ።

እዚህ አትላንታ፣ በ2023ቱ የፒችትሪ 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ የሆነው ደግሞ የባሰ ነው። ሰንበሬ ተፈሪ እየመራች ሳለ፣ ውድድሩ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀር፣ ከፊቷ የነበረውን የፖሊስ ሞተር ብስክሌት ተከትላ ከመሮጫው መንገድ ወጣች። ስትመለስ ሁለት ሯጮች ቀድመዋታል። የአገሯ ልጅ ፎትየን ተስፋይ አሸነፈች፤ ሰንበሬ በ10 ሺሕ ዶላር ፋንታ የሦስተኛነቱን 3 ሺሕ ወሰደች።

ፎትየንን መውቀስ አይገባም፤ የሮጠችው በትክክለኛው መንገድ ነው። ሯጭ መንገዱን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል የሚለው ክርክርም ሚዛን የሚደፋ አይመስልም፤ በድካም የዛለ ሯጭ ዐይኑ ከፊቱ ባለው ሞተር ላይ ነውና። ለእንዲህ ያለው አጋጣሚ ቢያንስ የሽልማቱን ልዩነት የሚያካክስ አንቀጽ በውድድር ደንቦች ውስጥ ሊሰፍር ይገባል።