ጥበቃው ለሰው ነው ወይስ ለቀን መቁጠሪያ?



በደብረ ማርቆስም ሆነ በገጠሩ «አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን በሯን ከፍታለች» እያለ ገበሬውን በሬ የሚያሸጥ ደላላ ቢመጣ፣ ውሸታም ነህ በሉት። «ጊዜያዊ ጥበቃ» የተባለው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወጣ የመግቢያ ቪዛ ሆኖ አልወጣም። አስቀድሞ አሜሪካ የገባውን ሰው ከመባረር ያድናል፤ የሥራ ፈቃድም ያሰጣል። በራሱ ግን ቋሚ መኖሪያ አይሆንም።

ለእኛ አገር ሰዎች የተፈቀደው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሲታደስ፣ ከሚያዝያ 3 ቀን 2016 ጀምሮ እዚያው ሳያቋርጥ የኖረና በከባድ ወንጀል ያልተፈረደበት ብቻ ይመዝገብ ተባለ።

እኛ የምንቃወመው ይህን ነው። በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው በሐምሌ 2015 ነው፤ ጦርነቱ ግን ሚያዝያ 3 ቀን አላበቃም። ሚያዝያ 2 የገባው ተጠበቀ፤ ሚያዝያ 4 የገባው፣ ያው ጥይት ያሰደደው ሆኖ ሳለ፣ ከዚህ ሕግ ውጭ ቀረ። የአውሮፕላን መሳፈሪያ የሌለው የጎጃም ገበሬማ ከመጀመሪያውም አልተቆጠረም።

በታኅሣሥ 2018 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት «የአገራችሁ ሁኔታ ተሻሽሏል» ብሎ ጥበቃውን እንደሚያቋርጥ አስታወቀ። ለማን ተሻሻለ? ቀዬውን ጥሎ የሸሸው ይጠየቅ!

ስለዚህ እንላለን፦ ጥበቃ በአደጋው ልክ ይሰጥ፤ በቀን ቁጥር አይገደብ! በአገር ውስጥ የተፈናቀለውም በገዛ አገሩ ጠባቂ ይኑረው! ገበሬውም ለደላላ ወሬ በሬውን አይሽጥ!