ዳዊት በላስቲክ አይቀበርም

ቅርስን መውደድና ቅርስን መጠበቅ አንድ አይደሉም። ስለ ጥንታዊ መጻሕፍታችን በአደባባይ ስንናገር ድምፃችን ከፍ ይላል፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ናፍታሊን ተጨምሮበት፣ በብረት ሣጥን ውስጥ ለዓመታት ሳይከፈት ስለሚኖረው የአያት ዳዊት ግን የሚናገር የለም። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ስለዚያ ዳዊት ነው። ክርክሩም አጭር ነው፦ በየቤቱ ያለውን ብራና የሚገድለው መነበቡ ሳይሆን እርጥበት ነው፤ እርጥበቱንም አብሮ የሚቆልፍበት ብዙውን ጊዜ «እንጠብቀው» ያለው እጅ ነው።

«ብራና ምን ይሆናል? ዘመን አይሽረውም» የሚሉ ወገኖች አሉ። ማስረጃቸውም የአባ ገሪማ ወንጌላት ናቸው። እርግጥ ነው፤ በዓድዋ አቅራቢያ ባለው ገዳም የሚገኙት እነዚህ መጻሕፍት በሬዲዮካርቦን ሲመረመሩ፣ የአንደኛው ብራና ከ390 እስከ 570፣ የሌላው ከ530 እስከ 660 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል። ነገር ግን ይህ ማስረጃ የሚመሰክረው ስለ ብራናው ብቻ አይደለም፤ ስለ ደጋው አየርና ትውልድ ሳይቋረጥ ስለጠበቁት መነኮሳትም ጭምር ነው። ያን አየርና ያን ጥበቃ ያላገኘ ብራና የአባ ገሪማን ዕድሜ ሊጠብቅ አይገባውም።

ብራና እንደ ጫማ ቆዳ የለፋ አይደለም። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ እንደተወጠረ የደረቀ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ይላላል፣ ያብጣል፣ ይጨማደዳል፤ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል። ጥቁሩ ቀለም በአብዛኛው ከጥላሸት የተዘጋጀና በገጹ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ፣ ብራናው ባበጠና በተኮማተረ ቁጥር እየተሰነጠቀ ይረግፋል። በዙሪያው ያለው አየር አንጻራዊ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ አካባቢ ሲሆን ብራና ይረጋጋል። ከ65 ወይም ከ70 በመቶ በላይ ሲቆይ ሻጋታ ይነሣበታል፤ ከ30 በመቶ በታች ሲወርድ ይደርቅና ይሰባበራል።

አሁን ብራናው ወዴት እንደተጓዘ እናስብ። በደጋ የተጻፈ ዳዊት ከባለቤቱ ጋር ተሰድዶ ሞምባሳ ወይም ጅቡቲ ይደርሳል። በሞምባሳ የባሕሩ አየር ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው። በጅቡቲ የቀዝቃዛዎቹ ወራት እርጥበትና የበጋው ደረቅ ነፋስ እየተፈራረቁ ያንገላቱታል። ናይሮቢ ደጋ ብትሆንም ሁለት የዝናብ ወቅቶች አሏት። አዲስ አበባም ብትሆን ከክረምቷ ጋር ናት። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ደግሞ ቀን ያበራውና ሌሊት ያጠፋዋል፤ ብራናውን በአንድ ቀን ከበጋ ወደ ክረምት ያመላልሰዋል። በዚህ ላይ ላስቲኩ ይጨመራል። ላስቲክ እርጥበትን ከውጭ ብቻ አይከለክልም፤ ከውስጥም አያስወጣም። በዝናብ ወር የተጠቀለለ መጽሐፍ ዝናቡን ይዞ ተቀብሯል ማለት ነው። ናፍታሊን ብልን ያባርር እንደሆነ እንጂ እርጥበትን አይነካም።

«ሙዚየሞችስ መጽሐፍን በተዘጋ መስተዋት ያኖሩ የለምን?» የሚል ይኖራል። ያኖራሉ፤ ነገር ግን ከመዝጋታቸው በፊት ይለካሉ፣ ከዘጉም በኋላ ይለካሉ። እኛ የወሰድነው መዝጋቱን ብቻ ነው፤ መለካቱን ትተነዋል።

አባቶች መለኪያ አልነበራቸውም፤ ሥርዓት ግን ነበራቸው። መጽሐፉ በእንጨት ገበታ ይጠረዛል፤ ገበታው ቅጠሎቹን ይጫናል። ከቆዳ የተሰፋ ማኅደር ይለብሳል፤ ቆዳው ይተነፍሳል። ማኅደሩም በማንገቻው ይሰቀላል፤ ከወለል እርጥበት፣ ከምስጥና ከአይጥ ይርቃል። ከሁሉም በላይ ዳዊት በየቀኑ ይደገም ነበር። በየማለዳው የሚከፈት መጽሐፍ በየማለዳው አየር ያገኛል፤ ነጭ ነጥብ ብቅ ሲልበትም ደጋሚው በዚያው ዕለት ያየዋል። እኛ ማኅደሩን በላስቲክ፣ መስቀያውን በብረት ሣጥን፣ መድገሙን በመርሳት ለወጥን፤ ለውጡንም «ዘመናዊ አያያዝ» አልነው።

«እርጥበት መለካት የባለጸጎች ሥራ ነው» የሚለው ምክንያትም አያስኬድም። ሲጋር የሚያጨሱትን ሰዎች ተመልከቱ። ሲጋራቸውን በዝግባ እንጨት ሣጥን አኑረው፣ የውስጡን እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ ለመጠበቅ ሃይግሮሜትር የሚባለውን ትንሽ መለኪያ ይገዛሉ። መለኪያው እንዳይዋሽም ይፈትኑታል፦ በጠርሙስ ክዳን ላይ ጨው አድርገው በጥቂት ውኃ ያረጥቡታል፤ ከመለኪያው ጋር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አንድ ቀን ያቆዩታል፤ ትክክለኛ ከሆነ 75 በመቶ ያሳያል። 70 ካሳየ ከዚያ በኋላ በሚያነቡት ላይ 5 ይጨምራሉ። የሲጋሩ መጠን ለብራና አይሆንም፤ ለቅጠሉ የሚስማማው 70 በመቶ ለብራናው የሻጋታ ደጃፍ ነው። ትጋቱ ግን ያሳፍራል። ነገ አመድ ለሚሆን ቅጠል ይህን ያህል ከተደረገ፣ ለልጅ ልጅ ለሚተላለፍ መጽሐፍ አንዲት መለኪያ በዛች ሊባል ነውን?

ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ መጻሕፍት ዘርፎ ሲመለስ 350 ያህል የብራና ጥራዞች ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብተዋል፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ይመለሱ የሚለው ጥያቄ ፍትሐዊ ነው። መመለሳቸውን የሚቃወሙ ሰዎች «መጠበቅ አይችሉም» ይላሉ፤ ለዚህ ነገር የአባ ገሪማ ወንጌላት በቂ መልስ ናቸው። ነገር ግን ለንደን ስላለው ብራና እየጮኸ በአልጋው ሥር ያለውን የሚያሻግት ሰው፣ ሳያውቀው ለተከራካሪዎቹ ምስክር ይሆናል። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይሏል ይህ ነው። የመቅደላው ጥራዝ ቢያንስ የት እንዳለ ይታወቃል፤ የቤቱ ዳዊት ግን በሻጋታ ሲጠፋ የጠፋበት ቀን እንኳ አይመዘገብም።

የሚደረገው ነገር ከባድ አይደለም። ላስቲኩ ይውለቅ። ደረቅ ቀን ተመርጦ መጽሐፉ በንጹሕ እጅ ይከፈት። ማኅደር ካለው ይልበስ፤ ከሌለው በንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይጠቅለል። ከወለል፣ ከውጭ ግድግዳ፣ ከወጥ ቤትና ከመስኮት ርቆ ይቀመጥ። መለኪያ አጠገቡ ይኑር፤ ቁጥሩ ከ60 በላይ ከዘለቀ ክፍሉ ይናፈስ፤ የውጩ አየር ራሱ እርጥብ ከሆነ መጽሐፉ ሲሊካ ጄል ባለበት ሣጥን ይግባ፣ መለኪያውም አብሮት ይግባ። የረጠበ ብራና ከቶ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ በካውያም አይተኮስ፤ ሙቀት እርጥብ ብራናን ያኮማትረዋል፣ የተኮማተረውም አይመለስም። በጥላ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ በዝግታ ይድረቅ። ቀለሙ መርገፍ ከጀመረ ማንም አይንካው፤ ባለሙያ ይጠየቅ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ዳዊቱን የጻፈው ጸሐፊ ቆዳውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ወራት ደክሟል። ከኛ የሚጠበቀው መክፈት፣ ማየትና መለካት ነው። ይህን ያልፈቀደ ሰው ዳዊቱ የአያቴ ነው ይበል እንጂ፣ ጠባቂው ነኝ አይበል።