6,000 ጥይት የተኮሰው የእርስዎ ሽጉጥ አልነበረም

በአሜሪካ የሽጉጥ ገበያ ሳይጠየቅ የኖረ አንድ እምነት አለ፦ ብረት ይታመናል፣ ፕላስቲክ ይከዳል። ሻጩ ይናገረዋል፣ አሠልጣኙ ይደግመዋል፣ ገዢውም ክብደቱን በመዳፉ መዝኖ ይቀበለዋል። ጉዳዩ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ሱቅ ከፍተው ለሚያመሹ ወገኖቻችንም ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በዋሽንግተን ዲሲ፣ በ2022 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመላ አገሪቱ ልዩ ምክንያት አቅርቡ የሚለውን የፈቃድ መስፈርት ከሻሩ ወዲህ ሽጉጥ መታጠቅ ለብዙ ሰው የሚቻል ነገር ሆኗል። ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ የትኛው ይሻላል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ የሚሰጠው ይኸው እምነት ነው። እምነቱ ስሕተት ነው፤ ሰው ሕይወቱን አደራ የሚሰጥበት ዕቃ ላይ የተጣለ ስሕተት ስለሆነም በዝምታ ሊታለፍ አይገባም።

የእምነቱ ትልቁ ምስክር ጆን ብራውኒንግ የነደፈውና ኮልት ያመረተው ካሊበር 45 ሽጉጥ፣ ኤም 1911 ነው። የአሜሪካ ጦር ሽጉጡን ከመቀበሉ በፊት በማርች 1911 በሁለት ቀን ውስጥ 6,000 ጥይት አስተኩሶበታል። ሲግል ውኃ ውስጥ እየነከሩ ያቀዘቅዙት ነበር። አንዴም ሳይነክስ፣ አንዴም ሳይከሽፍ ጨረሰ። ታሪኩ እውነት ነው፤ የብራውኒንግም ክብር የተገባ ነው። ነገር ግን ታሪኩ በሱቅ ጠረጴዛ ላይ ሲተረክ ሁለት ነገር ይቀርበታል። ሽጉጡ በየ1,000 ጥይቱ ይጸዳና ዘይት ይቀባ ነበር። ከሱ ጋር የተወዳደረው የሳቬጅ ሽጉጥ ደግሞ በዚያው ፈተና 37 ጊዜ ተሰናክሏል። ሳቬጁም ብረት ነበር። ሁለት የብረት ሽጉጦች ጎን ለጎን ተፈትነው አንዱ ሲያልፍ ሌላው ከወደቀ፣ ያሳለፈው ብረትነቱ ሊሆን አይችልም። ያሳለፈው ንድፉ ነው፣ የክፍሎቹ ልክ ነው፣ የጥይት ካዝናው ነው። የብረት ወገን ነኝ የሚል ሰው ዋና ማስረጃው ውስጥ ተቀብሮ የቆየው ይህ 37 ቁጥር ነው።

ያ ሽጉጥ ምን ዓይነት እንደነበረም ማስታወስ ይገባል። የአፈሙዙ ርዝመት 127 ሚሊ ሜትር ነበር። የሚጎርሰው 15 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ አፍንጫው ክብ የሆነ፣ በመዳብ ቅይጥ የተሸፈነ የጦር ሠራዊት ጥይት ነበር። ክፍሎቹ ጭቃና አሸዋ እንዲችሉ በመካከላቸው በቂ ክፍተት ተትቶላቸዋል። ያረጀውን ሞላ የሚለውጥ የጦር መሣሪያ ጠጋኝም ነበረው።

ዛሬ በዚያው ስም የሚሸጠውስ? በልብስ ስር እንዲደበቅ አፈሙዙ ወደ 76 ሚሊ ሜትር ያጠረው ብዙ ነው። አፈሙዙ ሲያጥር ከላይ የሚመላለሰው ስላይድም አጥሮ ይቀልላል፤ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ እሱን ለመግታት የሚገባው ሞላ ይጠነክራል። ካዝናው ቀጣዩን ጥይት ወደ ላይ ገፍቶ የሚያቀርብበት ጊዜም ያጥራል። ጥይቱ በቦታው ሳይደርስ ስላይዱ ከተመለሰ ወይ ባዶ ይዘጋል፣ ወይ ጥይቱን አጣሞ ይነክሳል። ብራውኒንግ ያሰላው ሚዛን ይህ አልነበረም። በዚያ ላይ ዒላማ ላይ ጠብ እንዳይል ተብሎ ክፍሎቹ እጅግ ተጠጋግተው የተገጠሙ ዓይነቶች አሉ። ወረቀት ላይ በሚገባ ይመታሉ፤ ትንሽ ቆሻሻ ግን ያቆማቸዋል። የመጨረሻው ለውጥ ጥይቱ ነው። ለራስ መከላከያ የሚመረጠው ጫፉ የተቦረቦረ ጥይት ነው፤ አፍንጫው ሰፊ ስለሆነ ለክብ አፍንጫ ጥይት ተብሎ በተቀረጸው፣ ጥይቱ ከካዝናው ወደ አፈሙዙ በሚወጣበት መወጣጫ ላይ ሊደናቀፍ ይችላል። አምራቾች መወጣጫውን እያሰፉና እያለሰለሱ ብዙውን አስተካክለዋል፤ ሁሉንም ግን አላስተካከሉም። እንግዲህ አፈሙዙ ተለውጦ፣ ሞላው ተለውጦ፣ ክፍተቱ ጠቦ፣ ጥይቱም ሌላ ሆኖ ሳለ የ1911ን ፈተና ለዚህ ዕቃ ዋስትና አድርጎ ማቅረብ ገዢውን ማታለል ነው።

ፕላስቲክ የሚባለውስ ምንድን ነው? የኦስትሪያው ጋስተን ግሎክ ሽጉጥ እ.ኤ.አ. በ1982 በአገሩ ጦር ሲመረጥ ፖሊመር የነበረው እጅ የሚጨብጠው የታችኛው አካል ነው። አፈሙዙ ብረት ነው፣ ስላይዱ ብረት ነው፣ ስላይዱ የሚንሸራተትበት ሐዲድም በፖሊመሩ ውስጥ የተቀበረ ብረት ነው። ጥይት ሲፈነዳ ግፊቱን የሚሸከሙት ክፍሎች በሁለቱም ወገን ከአንድ ማዕድን የተሠሩ ናቸው። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ይህ ሽጉጥ ከአውሮፕላን ማረፊያ መፈተሻ ይሰወራል የሚል ድንጋጤ የተነሣውም ውስጡን ሳያዩ ስሙን ብቻ ከመስማት ነው።

መሣሪያ ሲነክስ ጥፋቱ በአብዛኛው የት እንደሚገኝ የሚያሳይ ጥሩ ታሪክ ከኢራቅ ጦርነት አለ። የአሜሪካ ጦር በ1985 ኤም 1911ን የተካበት ቤሬታ ኤም 9 ፖሊመር አካል የለውም፤ ስላይዱ ብረት፣ አካሉ አሉሚኒየም ነው። በኢራቅ በረሃ ግን ወታደሮች ደጋግመው አማረሩበት። ሲጣራ አንዱ ዋና ምክንያት ካዝናው ነበር፤ በውል የቀረቡት ካዝናዎች የተቀቡት ሻካራ የፎስፌት ቅብ የበረሃውን ደቃቅ አሸዋ እየያዘ ጥይቱን ከመውጣት ያግደው ነበር። ቅቡ ሲለወጥ ችግሩ ቀለለ። ሽጉጡ ያው ሽጉጥ ነው። ስለ አካሉ ማዕድን የሚጨቃጨቅ ሰው ካዝናውን ገልብጦ አያይም፤ የሚነክሰው ግን እዚያ ነው።

ይህን ስል ለፖሊመር ወገን መሟገቴ አይደለም፤ እዚያም ተመሳሳይ የስም ብድር አለ። ግሎክ በሠራዊትና በፖሊስ እጅ ያተረፈውን ስም፣ መልኩ የመሰለ ሽጉጥ ሁሉ ይካፈለዋል። ግሎክ ራሱ እንኳ በ2011 የአራተኛውን ትውልድ የመመለሻ ሞላ ለገዢዎች በነጻ ለውጧል። ሲግ ሳወር ፒ 320 በጃንዋሪ 2017 የአሜሪካን ጦር ውድድር አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ለሕዝብ የተሸጠው ዓይነት በተወሰነ አቅጣጫ ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል ታይቶ ኩባንያው የቃታውን ክፍሎች እለውጣለሁ አለ። ወገብ ላይ ለሚሻጥ ሽጉጥ ከዚህ የከፋ ጉድለት የለም፤ መንስኤውም ፖሊመሩ አልነበረም።

ብረት የራሱ ጥቅም እንዳለው አልክድም። ከ1 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝነው ኤም 1911 ሲተኮስ እጅን አይመታም፤ ቃታው አጭርና ጥርት ያለ ስለሆነ በደንብ ለሠለጠነ እጅ ይታዘዛል። ይህ ግን የአተኳኮስ ምቾት እንጂ ያለመክሸፍ ዋስትና አይደለም። ለዕለት ትጥቅ ደግሞ ክብደቱ ራሱ ጠላት ይሆናል። ካዝናውን ጨምሮ 700 ግራም ገደማ የሆነውን ግሎክ 17 ቀኑን ሙሉ የሚታገስ ወገብ ከባዱን በሳምንቱ መሳቢያ ውስጥ ይተወዋል፤ መሳቢያ ውስጥ ያለ ሽጉጥ ደግሞ ማንንም አይከላከልም። ላብም አለ። በበጋ ከሰውነት ጋር ተጣብቆ የሚውል ያልተቀባ ብረት ዝገት ይጀምረዋል። የፖሊመር አካል አይዝግም፤ ውስጡ ያሉት ሞላና መርፌ ግን ይዝጋሉና እሱም መወልወል አይቀርለትም።

የማንኛውም ሽጉጥ አስተማማኝነት የሚታወቀው ያ አንዱ ሽጉጥ፣ ከራሱ ካዝና ጋር፣ ባለቤቱ በሚታጠቀው ጥይት ሲተኮስ ነው። ካዝናዎቹ ቁጥር ይጻፍባቸው፤ የነከሰው የትኛው እንደሆነ እንዲለይ። ለመለማመጃ የሚሆነው ርካሽ ጥይት ተተኩሶ አለፈ ማለት የተቦረቦረው ያልፋል ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ከመታጠቅ በፊት ከዚያው ከሚታጠቁት ጥይት ቢያንስ 200 መተኮስ አለበት። ይህ ወጪ ነው፤ የተቦረቦረው ጥይት ውድ ነው። በስሙ ዝነኛ የሆነውን ውድ ብረት ገዝቶ ለጥይት ሳንቲም የማይተርፈው ሰው፣ ረከስ ያለውን ሽጉጥ ገዝቶ የቀረውን ገንዘብ ለጥይት፣ ለትርፍ ካዝናና ለመለዋወጫ ሞላ ያውለው። የሽጉጥ ሻጭም የ1911ን ፈተና ከመተረኩ በፊት በእጁ የያዘው ሽጉጥ የትኛውን ጥይት እንደሚጎርስና ሞላው ከስንት ጥይት በኋላ መለወጥ እንዳለበት ለገዢው ይንገረው።