ማዝዳ ወይስ ቶዮታ? በውስጥ መስመር ለጠየቅከኝ ልጅ



ሞጣ ሳለሁ ፊዚክስ ያስተማርኩት፣ አሁን አሜሪካ የሚኖር ልጅ ሰሞኑን ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ትራክ ላይ መንዳት ልጀምር ነው። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ልግዛ ወይስ ቶዮታ ጂአር86?» ይላል። ለማታውቁት፦ እዚያ አገር ከፍለህ፣ ሄልሜት አጥልቀህ፣ ጀማሪ ከሆንክ አሰልጣኝ አጠገብህ ተቀምጦ፣ ዝግ በሆነ የመኪና ውድድር ሜዳ የራስህን መኪና የምትነዳበት ቀን አለ። ሽልማት የለውም።

«ይልቅ እናቱን አይረዳም?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይረዳል፣ አትቸኩሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ከቢቸና ሞጣ ባለው መንገድ፣ በገበያ ቀን፣ በሰውና በአህያ መሃል ሚኒባስ የሚያበረው ነው። እሱ ሄልሜትም አሰልጣኝም የለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው እግረኛው ነው። በእኛ አገር ጉግስ የሚጋለበው ሜዳ ላይ ነው። ገበያ መሃል ፈረስ የሚለቅ ሰው ይሰደባል እንጂ አይጨበጨብለትም። መኪና ሲሆን ግን «እሱ እኮ ሾፌር ነው!» እንላለን። ስለዚህ ሜዳ ፈልጎ የሄደውን ልጅ አትንኩብኝ።

ወደ ጥያቄው። ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከፈረስ ጉልበት ነው። ቶዮታው 2.4 ሊትር ሞተር፣ 228 የፈረስ ጉልበት። ማዝዳው 2 ሊትር፣ 181። «በቃ ቶዮታ!» ትላላችሁ። ክብደቱንስ? ማዝዳው ወደ 1,060 ኪሎ ነው፣ ቶዮታው ወደ 1,275። አካፍሉት። ለአንድ የፈረስ ጉልበት ማዝዳው ላይ 5.9 ኪሎ ይደርሰዋል፣ ቶዮታው ላይ 5.6። ያ ሁሉ የ47 ፈረስ ብልጫ ይህችን ታክላለች።

ደግሞ ትራክ ላይ ከመሮጡ ይልቅ መቆሙ ይበልጣል። ግማሽ ኤም ቪ ስኩዌር ትዝ ይላችኋል? በ160 የሚሄድ መኪና በ80 ሲሄድ ከነበረው አራት እጥፍ ኢነርጂ ተሸክሟል። ያንን ወደ ሙቀት የሚቀይረው ፍሬኑ ነው፣ ያውም በየኩርባው። በእኩል ፍጥነት ቶዮታው ፍሬኑ ላይ 20 ከመቶ ገደማ ተጨማሪ ሸክም ይጥላል።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ይህን በአፍንጫው ያውቀዋል፤ ያ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ! ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። የበሰሉት ሾፌሮች በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ እንዲይዘው አድርገው ነው የሚወርዱት። ፍሬን ረግጦ የሚወርደው ግን ዘይቱን ያፈላዋል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ መቻል አለበት፤ እርጥበት ሲገባው መስፈርቱ 155 ብቻ ነው። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ይጨመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ስለዚህ የትኛውንም ግዛ፣ የመጀመሪያውን ገንዘብ ለፍሬን ዘይትና ለፍሬን ሸራ አውጣ። ጭስ ማውጫ አስቀይሮ ማስጮህ ይቆይህ።

እኔ ለመማር ማዝዳውን እመርጣለሁ። ቀላል ስለሆነ ጎማና ፍሬን አይበላም። ጉልበቱም ትንሽ ስለሆነ ኩርባ ውስጥ ያበላሸኸውን ቀጥታው ላይ ነዳጅ ረግጠህ አትሸፍነውም፤ መንዳት ትማራለህ። ቶዮታውም ክፉ አይደለም። ከሱባሩ ጋር አብረው የሠሩት ነው። ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተኙ ስለሆኑ ሞተሩ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ኩርባ ላይ ማጋደሉን ይቀንሳል። የኋላ ወንበሩን ስታጥፈው አራት ጎማ ይጭናል። ማዝዳው የኋላ ወንበር የሚባል የለውም።

አንድ ነገር ግን አለ። የማዝዳው ጣሪያ ሸራ ነው። ብዙ ቦታ ከወንበሩ ጀርባ የብረት ቅስት ካላስገጠምክ ትራክ አያስገቡህም፣ ልክም ናቸው፤ ቢገለበጥ ጭንቅላትህን የሚያተርፈው እሱ ነው። ከቅስቱ እስከ ፊት መስታወቱ አናት ዱላ ሲጋደም ሄልሜትህ ከዱላው በታች መዋል አለበት። አንተ ደግሞ በቁመትህ ምክንያት ሁሌ መጨረሻ ወንበር ላይ የማስቀምጥህ ልጅ ነህ። ከዱላው በላይ ከወጣህ ክርክሩ አለቀ፣ ቶዮታውን ግዛ።

የኢንሹራንስ ውልህንም አንብብ፤ ብዙዎቹ ትራክ ላይ ለደረሰ ጉዳት አይከፍሉም። ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት ደግሞ ሄልሜቱን ይዘህ ሂድና ማዝዳው ውስጥ ቁጭ ብለህ እየው።